ፈተናውን ሁሉ ያለፈው ባዕድ ስኳር፦ የ2008ቱ የሄፓሪን ብክለት የጉዳይ ጥናት

በኖቬምበር 2007 (ዓመተ ምሕረቱ እዚህ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ፣ ለኩላሊት እጥበት የመጡ ልጆች ማሽኑ ላይ በሆኑ በደቂቃዎች ውስጥ ይታመሙ ጀመር። ፊታቸው ያብጣል፤ ልባቸው ይፈጥናል፤ የደም ግፊታቸው ያሽቆለቁላል። እጥበት ለእነዚህ ልጆች አዲስ ነገር አልነበረም። በሳምንት ሦስት ቀን እየመጡ፣ ማሽኑን ለምደው፣ ነርሶቹን በስም የሚያውቁ ልጆች ናቸው። በጃንዋሪ 2008 መጀመሪያ ጉዳዩ ለግዛቱ ጤና ቢሮና ለአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ደረሰ። ማዕከሉ በየግዛቱ ሲያጠያይቅ ተመሳሳይ ታሪክ ከየአቅጣጫው መጣለት። በኋላ ተጣርቶ ሲቆጠር፣ ከኖቬምበር 19 ቀን 2007 እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2008 ባለው ጊዜ ብቻ በ13 ግዛቶች 113 ታማሚዎች ላይ 152 ጊዜ ይኸው ዓይነት ምላሽ ተመዝግቧል።

ይህን ጉዳይ ደጋግሜ የማነሣው ስለ አደጋው መጠን ብቻ ብዬ አይደለም። ልጆቹን የጣላቸው መድኃኒት፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን፣ በስርቆት በር የገባ አልነበረም። ሕጋዊ ፋብሪካ ያመረተው፣ የባች (በአንድ ዙር የተመረተ መድኃኒት) ቁጥር ያለው፣ በጊዜው የሚጠየቀውን የጥራት ምርመራ አልፎ የወጣ መድኃኒት ነው። እንግዲህ ምርመራው ምን እየመረመረ ነበር? በላቦራቶሪ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በዚህ ጥያቄ ላይ ቆም ማለት ያለብን ይመስለኛል።

ተጠርጣሪዎቹ

የኩላሊት እጥበት ክፍል ለመርማሪ ከባድ ቦታ ነው። የታማሚው ደም ከሰውነቱ ወጥቶ በቱቦ ይሄዳል፣ በማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ላይ ደሙ የሚነካው ነገር ብዙ ነው፦ የማጣሪያው ሽፋን፣ ቱቦው፣ ዕቃውን ለማምከን ያገለገለው የኢትሊን ኦክሳይድ ጋዝ ቅሪት፣ የእጥበቱ ውሃ፣ ማሽኑ የጸዳበት ኬሚካል፣ በመስመሩ የሚሰጡት መድኃኒቶች። ሁሉም ቀድሞ ስማቸው የጠፋ ተጠርጣሪዎች ናቸው። በ1990 አካባቢ ኤኤን69 የተባለው የማጣሪያ ሽፋን፣ ኤሲኢ ኢንሂቢተር የሚባሉትን የደም ግፊት መድኃኒቶች በሚወስዱ ሰዎች ላይ ልክ እንዲህ ዓይነት ድንገተኛ ምላሽ እንደሚያስከትል ታውቆ ነበር። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መርማሪዎቹ የመረጡት መንገድ የቆየና አስተማማኝ ነው። ሕመሙ የታየባቸውን ማዕከላት ካልታየባቸው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ የሚጠቀሙበትን ዕቃና መድኃኒት በዝርዝር አወዳደሩ። ከሁሉም ጎልቶ የወጣው ባክስተር ከተባለው ኩባንያ የተገዛ ሄፓሪን ነበር። ሕመሙ ከታየባቸው ማዕከላት 100 በመቶው ይጠቀሙበታል፤ ካልታየባቸው ግን 4.3 በመቶው ብቻ። ኩባንያው በጃንዋሪ 17 ቀን 2008 ዘጠኝ ባቾችን ከገበያ መሰብሰብ ጀመረ።

ዘጠኝ ብቻ ለምን? ባክስተር በወቅቱ የአሜሪካን የሄፓሪን ፍላጎት ግማሽ ያህል ያቀርብ ነበር። ሄፓሪን ደግሞ የሚተካው ነገር እስኪገኝ ይቆይ የሚባል መድኃኒት አይደለም። ያለ እሱ የልብ ቀዶ ሕክምና የለም፤ እጥበትም ይስተጓጎላል። ሁሉም በአንድ ቀን ቢነሣ ከአለርጂው የተረፈው ታማሚ በመድኃኒት እጥረት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ሌላው አምራች ጉድለቱን መሸፈን እንደሚችል እስኪያረጋግጥ ጠበቀና፣ መሰብሰቡ ወደ ቀሩት የኩባንያው የሄፓሪን ምርቶች የሰፋው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። በዚያ ውሳኔ ላይ ብዙ ተወቅሰዋል። እኔ ግን እነሱ ወንበር ላይ ብሆን ሌላ ምን አደርግ እንደነበር አላገኘሁትም።

ሄፓሪንን ሄፓሪን የሚያሰኘው

ሄፓሪን የታወቀው በ1916 ነው። ጄይ ማክሌን የተባለ የሕክምና ተማሪ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዊልያም ሃውል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም የሚያረጋ ነገር ሲፈልግ፣ ተቃራኒውን አገኘ። በኋላ የወጣለት ስምም ሄፓር ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ጉበት ማለት ነው፣ ከውሻ ጉበት ስለተለየ። በሰውነታችን ውስጥ የሚሠሩት ማስት ሴሎች ናቸው፤ በአለርጂ ጊዜ የሚቀሰቀሱት የሰውነት መከላከያ ሴሎች። በሆዳቸው በታጨቁት ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ከሂስታሚን ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡታል። ለመድኃኒትነት የሚውለው ግን ከአሳማ አንጀት የውስጥ ሽፋን የሚወጣው ነው።

በኬሚስትሪ ዓይን ሲታይ ሄፓሪን እንደ አስፕሪን አንድ ቀመር ተጽፎለት የሚያበቃ ነገር አይደለም። ሁለት ዓይነት ስኳሮች እየተፈራረቁ የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ በሰንሰለቱ ላይ የሰልፌት ቡድኖች እዚህም እዚያም ተንጠልጥለዋል። አንዱ ሰንሰለት አጭር ነው፣ አንዱ ረጅም፤ አንዱ ላይ ሰልፌቱ በዝቷል፣ ሌላው ላይ ሳስቷል። በአንድ ቫያል (የመድኃኒት ብልቃጥ) ውስጥ ያለው ሄፓሪን የእነዚህ ሁሉ ቅይጥ ነው። ከሰንሰለቶቹ መካከል ሲሶ ያህሉ ብቻ፣ አምስት ስኳሮች በልዩ ቅደም ተከተል የተሰደሩበትን ክፍል ይይዛሉ። ይህ ክፍል አንቲትሮምቢን የሚባለውን የደም ፕሮቲን ይጨብጠውና ቅርጹን ይለውጠዋል፤ የደም መርጋትን የሚገታው ዋናው ሥራ ይህ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ቅይጥ በምን ይመዝኑታል? በ1930ዎቹ ወደ ሕክምና ሲገባ መልሱ ቀላል ነበር፦ በሥራው። የበግ ደም ፕላዝማ ይወሰዳል፣ ናሙናው ይጨመርበታል፣ ካልሲየም ይጨመርበታል፣ ምን ያህል ሳይረጋ እንደሚቆይ ይታያል። ከመደበኛው ሄፓሪን ጋር ይወዳደርና ኃይሉ በዩኒት ይጻፋል። በ2008 መግቢያም የአሜሪካ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መመዘኛዎች መጽሐፍ) የሚጠይቀው የኃይል ምርመራ ይኸው የበግ ፕላዝማ ነበር። ጥሩ ምርመራ ነው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሠርቷል። ነገር ግን ናሙናውን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደም እንዳይረጋ ታደርጋለህ? «አዎ» ካለ ያልፋል። ማንነቱን የሚጠይቀው የለም።

0.11 ፒፒኤም

በፌብሩዋሪ ወር ውስጥ የተጠረጠሩት ባቾች በብዙ ላቦራቶሪዎች ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ባክቴሪያ ተፈለገ፣ ኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ መርዝ) ተፈለገ፣ የፕሮቲን ቅሪት፣ የብረታ ብረት ቅሪት። የተለመደው የብክለት ዝርዝር ሁሉ አለቀና ናሙናው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የነገሩ ከባድነት እዚህ ላይ ነው። ባዕዱ ነገር እንደ ሄፓሪን ነጭ ዱቄት ነው፤ እንደ ሄፓሪን በውሃ ይሟሟል፤ እንደ ሄፓሪን የስኳር ሰንሰለት ነው፤ በኤሌክትሪክ ሙሌቱም አሉታዊ ነው። ስንዴ ውስጥ ያለ ጠጠር በወንፊት ይወጣል፤ እንክርዳድ ግን ስንዴን መስሎ ነው የሚያልፈው።

ፈትሉን ያስጨበጠው ኤንኤምአር ነው፣ ማለትም ኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ። አሠራሩን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ጥቂት ሚሊግራም ዱቄት በከባድ ውሃ ይሟሟና 5 ሚሊሜትር ውፍረት ባላት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይገባል። ቱቦዋ በኃይለኛ ማግኔት መሀል ትወርዳለች። የራዲዮ ሞገድ ሲላክባቸው በሞለኪውሉ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጅን አተሞች መልስ ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱም የሚመልስበት ድግግሞሽ በጎረቤቶቹ ይወሰናል። መልሶቹ በሚሠፍሩበት ሥዕል፣ በስፔክትረሙ ላይ የሚወጣው እያንዳንዱ ፒክ (ሹል ጫፍ) «እኔ የምኖረው እንዲህ ባለ ሰፈር ነው» እንደማለት ነው።

በሄፓሪን ስፔክትረም ላይ ብዙው ፒክ ተደራርቦና ተጨናንቆ፣ ለማንበብ አስቸጋሪ በሆነ ክልል ውስጥ ይገኛል። አንድ ፒክ ግን ለብቻው፣ ባዶ ሜዳ ላይ ይቆማል፦ የአሴቲል ቡድኑ ሜቲል፣ በ2.04 ፒፒኤም ላይ (ፒፒኤም እዚህ ፒኩ ስፔክትረሙ ላይ የቆመበትን ቦታ የሚለካ ነው)። ከእሱ አጠገብ በ2.08 አነስ ያለች ፒክ ብትታይ ባለሙያ አይደነግጥም። ዴርማታን ሰልፌት ናት፤ ከአንጀቱ ከሄፓሪን ጋር አብራ የምትወጣ፣ በማጥራት ጉድለት የምትቀር የሄፓሪን ዘመድ። በተጠረጠሩት ባቾች ውስጥ ግን ሌላ አለ። በ2.15 ፒፒኤም ላይ፣ ማንም ሊገኝ በማይገባበት ቦታ፣ ጥርት ያለ ፒክ ቆሟል። ከሄፓሪኑ ያለው ርቀት 0.11 ፒፒኤም ነው፤ በ600 ሜጋኸርትዝ መሣሪያ ላይ 66 ኸርትዝ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሞትና ሥቃይ ያመጣው ነገር በወረቀት ላይ የሚታየው በዚህች ስንዝር እንኳ በማትሞላ ክፍተት ነው።

ሁለተኛው ምስክር ካፒላሪ ኤሌክትሮፎሬሲስ ነበር። ከፀጉር ብዙም በማይሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ናሙናው በከፍተኛ ቮልቴጅ ይነዳል፤ ሞለኪውሎች በሙሌታቸውና በመጠናቸው ይለያያሉ። ሄፓሪን ቅይጥ ስለሆነ ሰፋ ያለ ጉብታ ይሠራል። ከተጠረጠሩት ባቾች ግን ከጉብታው ተነጥሎ ራሱን የቻለ ሌላ ፒክ ወጣ። በማርች 5 ቀን ኤፍዲኤ በባቾቹ ውስጥ ሄፓሪን የሚመስል ባዕድ ነገር መገኘቱን አስታወቀ፤ ወዲያው ሁለቱን የምርመራ ዘዴዎች ለዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ክፍት አደረገ። ይህ እርምጃ ብዙ ሰው አድኗል ብዬ አምናለሁ።

ባዕድ ነገር መኖሩን ማወቅና ማንነቱን ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው። ማንነቱን የፈቱት የተለያዩ አገሮች ሰዎች አንድ ላይ ሆነው ነው፦ ከኤምአይቲ ራም ሳሲሴካራን፣ ከሬንሴለር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሮበርት ሊንሃርት፣ ከሚላኑ የሮንዞኒ ኢንስቲትዩት ቤኒቶ ካዙና ጃንጃኮሞ ቶሪ፣ ከሞመንታ ኩባንያና ከኤፍዲኤ ባለሙያዎች ጋር። ሄፓሪንን የሚቆርጡ ኤንዛይሞች ናሙናው ላይ ሲለቀቁ ሄፓሪኑን በልተው ጨረሱና ባዕዱን ሳይነኩት ተዉት። በቀረው ላይ በሁለት አቅጣጫ የሚነበብ የኤንኤምአር ስፔክትረም ተነሣ፤ ሃይድሮጅኑ ከካርቦኑ ጋር እየተያያዘ፣ ስኳር በስኳር ሰንሰለቱ ተነበበ። ስኳሩ እንደ ሄፓሪን ግሉኮሳሚን ሳይሆን ጋላክቶሳሚን ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የኮንድሮይቲን ሰልፌት ቤተሰብ ነው፤ ከእንስሳት የመተንፈሻ ቱቦና ከሌላ ለጋ አጥንት እየወጣ ለመገጣጠሚያ ሕመም በእንክብል የሚሸጠው።

ነገር ግን ተራው ኮንድሮይቲን ሰልፌት በየሁለት ስኳሩ አንድ ያህል ሰልፌት ነው ያለው። ይህኛው አራት ነበረው፦ ሁለት በጋላክቶሳሚኑ በ4ኛውና በ6ኛው ቦታ፣ ሁለት በግሉኩሮኒክ አሲዱ በ2ኛውና በ3ኛው ቦታ። ሊንጠለጠል የሚችልበት ቦታ ሁሉ ተይዟል ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ የሚገኝ ኮንድሮይቲን በእንስሳ አካል ውስጥ አይታወቅም። ስሙም ከመጠን በላይ ሰልፌት የተጫነበት ኮንድሮይቲን ሰልፌት ሆነ፤ በአጭሩ ኦኤስሲኤስ።

የዚህ ምርመራ ክፍል ከሁሉ የማደንቀው መደምደሚያውን ነው። ተመራማሪዎቹ «ስፔክትረሙ ይህን ይመስላል» ብለው አላቆሙም። ተራውን ኮንድሮይቲን ሰልፌት ወስደው፣ በላቦራቶሪ ውስጥ በኬሚካላዊ አጸግብሮት ሰልፌት ጫኑበት፤ የገዛ እጃቸው የሠራውን ከባቹ ከወጣው ጋር አስተያዩ። ፒክ በፒክ ገጠመ። በማርች 19 ቀን 2008 ስሙ በይፋ ተነገረ፤ ኤፕሪል ላይ ጥናቱ በኔቸር ባዮቴክኖሎጂ መጽሔት ወጣ። በአንዳንዶቹ ባቾች ውስጥ ከጠቅላላው ክብደት 30 በመቶ ያህሉ ኦኤስሲኤስ ነበር።

አብሮ መገኘት ወንጀል አይደለም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። በመድኃኒቱ ውስጥ ባዕድ ነገር አለ፣ ሰዎች ታመዋል፣ በቃ። ይሁን እንጂ ኦኤስሲኤስ አብሮ ተገኘ እንጂ እሱ ራሱ ሕመሙን እንዳመጣ ገና አልተረጋገጠም። ሌላ ያልታየ ነገር አብሮት ገብቶ ሊሆን ይችል ነበር።

ስለዚህ ኤፍዲኤ ሕመም ያስከተሉትንና ያላስከተሉትን ባቾች በኮድ ብቻ እየሸፈነ ለተመራማሪዎቹ ላከ። የትኛው ቱቦ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ሠሩ፤ ኮዱ የተፈታው ውጤቱ ከተጻፈ በኋላ ነው። ቸኩሎ መልስ በሚፈለግበት፣ ጋዜጣው በሚጮህበት ወር ውስጥ ይህን ሥነ ሥርዓት መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም። ውጤቱን የማምነው ከምንም በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

ሙከራው ራሱ ቀለል ያለ ነው። የሰው ፕላዝማ በጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ይቀመጣል። ናሙናው ይጨመራል። ከዚያ ካሊክሪን የሚባለው ኤንዛይም ሲቆርጠው ቢጫ ቀለም የሚለቅ ውሁድ ይገባል። ንጹሕ ሄፓሪን በገባበት ጉድጓድ ውስጥ ፈሳሹ እንዳለ ይቀራል። የተበከለው ባች በገባበት ይቢጫል። በላቦራቶሪ የተሠራው ኦኤስሲኤስ ለብቻው በገባበትም እንዲሁ።

ቢጫው ቀለም የሚናገረው ታሪክ ይህ ነው። በደማችን ውስጥ ፋክተር 12 የሚባል፣ ተኝቶ የሚጠብቅ ፕሮቲን አለ። አሉታዊ ሙሌት የበዛበት ገጽ ሲነካው ይነቃል። ኦኤስሲኤስ፣ ያ ሁሉ ሰልፌት የተንጠለጠለበት ሰንሰለት፣ ለፋክተር 12 እንደዚያ ያለ ገጽ ሆኖ ቀረበለት። የነቃው ፋክተር 12 ካሊክሪንን ያነቃል፤ ካሊክሪን ደግሞ ከአንድ ትልቅ ፕሮቲን ላይ ብራዲካይኒን የተባለች ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ያላትን ቁራጭ ይቆርጣል። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ የሴል ጉዳይ ነው። ብራዲካይኒን የደም ሥሮችን ውስጠኛ ገጽ በሚያለብሱት የኢንዶቴልየም ሴሎች ተቀባይ ላይ ትቀመጣለች። ሴሎቹ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃሉ፤ የደም ሥሩ ጡንቻ ይላላል፤ ግፊቱ ይወርዳል። ሴሎቹ ራሳቸው ደግሞ ሸብሰብ ይሉና በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ ፈሳሽ ወደ ሥጋው ይወጣል። የልጆቹ ፊት ያበጠው እንዲህ ነው።

በተጨማሪም ሲ3ኤ እና ሲ5ኤ የተባሉት የኮምፕሊመንት ሥርዓት (በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች) ቁርጥራጮች በዚያው በፋክተር 12 መንገድ ተመረቱ። እነዚህ ማስት ሴሎችን ቀስቅሰው ከረጢታቸውን እንዲያራግፉ ያደርጋሉ። እውነተኛውን ሄፓሪን የሚሠራው ሴል በሐሰተኛው ሄፓሪን ተቀስቅሶ ሂስታሚኑን ማፍሰሱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። መርማሪ ሐኪሞቹ መጀመሪያ ላይ አለርጂ ያሉትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መልኩ አለርጂ ነው፣ መነሻው ግን ፀረ እንግዳ አካል የሌለበት ሌላ መንገድ ነው። ስለዚህም ነው ከዚህ በፊት መድኃኒቱ ተሰጥቶት የማያውቅ ሰው እንኳ በመጀመሪያው ቀን ሊወድቅ የቻለው።

አሁን ወደ ኤኤን69 ልመለስ። ያ የማጣሪያ ሽፋንም አሉታዊ ሙሌት ያለው ገጽ ነበር፤ እሱም ብራዲካይኒን ያስመርት ነበር። ኤሲኢ የተባለው ኤንዛይም ደግሞ ብራዲካይኒንን ከሚሰባብሩት አንዱ ነው፤ መድኃኒቱ ኤሲኢን ሲያግድ ብራዲካይኒን ትከማቻለች። ያን የ1990 ታሪክ በደንብ ያስታወሰ ሰው የ2008ቱን መንገድ ለመገመት ቅርብ ነበር። የቆየ የጉዳይ ጥናት የሚጠቅመው በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

በመጨረሻ ተመራማሪዎቹ የተለያዩ እንስሳትን ፕላዝማ ፈተኑ። እንደ ሰው ሆኖ የተገኘው የአሳማ ነው። አሳማዎች ላይ በደም ሥር ሲሰጥም የተበከለው ሄፓሪንም ሆነ ለብቻው የተሠራው ኦኤስሲኤስ የደም ግፊታቸውን አወረደ፤ ካሊክሪናቸውም ነቃ። ሰንሰለቱ ከቫያሉ እስከ አልጋው ድረስ ተያያዘ። የሲዲሲው ቆጠራም ይደግፈዋል፦ ታማሚው የወሰደው ባች በእርግጠኝነት ከታወቀባቸው 54 ምላሾች ውስጥ 52ቱ የመጡት ኦኤስሲኤስ ካለበት ባች በኋላ ነው።

በኤፕሪል 2008 ኤፍዲኤ ሄፓሪን ከወሰዱ በኋላ የአለርጂ ዓይነት ምልክት ወይም የግፊት መውረድ ታይቶባቸው የሞቱ 81 ሰዎች ሪፖርት እንደደረሰው አስታወቀ። ሪፖርት መድረሱ ሁሉም በዚህ ሞቱ ማለት አይደለም፤ ከእነዚህ ታማሚዎች ብዙዎቹ ቀድሞውኑ በጠና የታመሙ ነበሩ። ቁጥሩን የሚጠቅስ ሰው ይህንን አብሮ ቢጠቅስ ደስ ይለኛል።

እንክርዳዱ የተዘራበት ማሳ

የባክስተር ሄፓሪን ጥሬ ዕቃ የሚመጣው ሳይንቲፊክ ፕሮቲን ላቦራቶሪስ ከተባለው ኩባንያ ነበር፤ ይህም ኩባንያ በቻይና ጂያንግሱ ግዛት በቻንግዡ ከተማ የሽርክና ፋብሪካ ነበረው። ፋብሪካው ጥሬ ሄፓሪኑን ከሰብሳቢ ነጋዴዎች ይገዛል፤ ነጋዴዎቹ ደግሞ አንጀት እያጠቡ ከሚያወጡ ብዙ ትናንሽ ወርክሾፖች። በ2006 የጀመረው ሰማያዊ ጆሮ የሚባለው የአሳማ በሽታ የቻይናን አሳማዎች ሲፈጅ አንጀቱ ጠፋ፣ ዋጋው ናረ። ኮንድሮይቲን ሰልፌት ግን እንደልብ ይገኛል፤ በወቅቱ በተዘገበው ዋጋ የሄፓሪንን መቶኛ ያህል ቢያወጣ ነው።

ተራው ኮንድሮይቲን ብቻውን ቢቀላቀል የበጉን ፕላዝማ ማታለል አይችልም ነበር፤ ደም እንዳይረጋ አያደርግምና። ሰልፌቱ ሲጫንበት ግን በሌላ በኩል፣ ሄፓሪን ኮፋክተር 2 በሚባለው ፕሮቲን በኩል፣ የተወሰነ ፀረ መርጋት ኃይል ያገኛል። ስለዚህ ይህ ከበርሜል የተንጠባጠበ ቅሪት ወይም የዕቃ ማጠብ ጉድለት ነው ብሎ ማመን ይከብደኛል። ሰልፌት መጫን የታሰበበት ኬሚስትሪ ይጠይቃል፤ 30 በመቶ ደግሞ በስህተት አይገባም። የሠራው ሰው ምርመራው የሚጠይቀውን ጥያቄ ያውቅ ነበር፤ ለዚያ ጥያቄ የሚሆን መልስ አዘጋጀለት።

በዚያው ዓመት በቻይና ወተት ውስጥ የተገኘው ሜላሚን ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ኬልዳል የሚባለው የቆየ ምርመራ የሚለካው ናይትሮጅንን ነው፤ ፕሮቲን አለ ብለን የምንገምተው ከዚያ ተነሥተን ነው። ሜላሚን በናይትሮጅን የተሞላ ነው። በውሃ የቀጠነ ወተት ላይ ሲጨመር ቁጥሩ ይስተካከላል፤ የሕፃናቱ ኩላሊት ግን ጠጠር ይቋጥራል።

የቁጥጥሩ በርም ክፍት ነበር። ኤፍዲኤ የቻንግዡን ፋብሪካ ከዚህ አደጋ በፊት አንድም ጊዜ አልጎበኘውም። ስሙን ከሌላ ተመሳሳይ ስም ካለው፣ ቀደም ሲል ከተጎበኘ ፋብሪካ ጋር አምታቶት ነበር፤ ስህተቱንም ራሱ አምኗል። የተበከለው ሄፓሪን በአሜሪካ ብቻ አልቀረም፤ ዘዴዎቹ ከተሰራጩ በኋላ በ11 አገሮች ተገኝቷል፣ ቻይናን ራሷን ጨምሮ።

ከዚያ በኋላ የተለወጠው

የአሜሪካ ፋርማኮፒያ ሕጉን ለመለወጥ ዓመት አልጠበቀም። በጁን 2008 ኤንኤምአር እና ካፒላሪ ኤሌክትሮፎሬሲስ የሄፓሪን ማንነት ምርመራ አካል ሆኑ። ቀጥሎ በኦክቶበር 1 ቀን 2009 የጸናው ሁለተኛው ለውጥ የበጉን ፕላዝማ አነሣው። በምትኩ የመጣው ምርመራ ናሙናው በአንቲትሮምቢን በኩል ትሮምቢንን፣ ደም የሚያረጋውን ኤንዛይም፣ ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካ ነው፤ በሌላ በር የሚገባ አስመሳይ እዚያ ላይ ቁጥር አያገኝም። ጋላክቶሳሚንም ከጠቅላላው ሄክሶሳሚን (ግሉኮሳሚንና ጋላክቶሳሚን ያሉበት የስኳር ወገን) ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ጋላክቶሳሚን ያለበት የኮንድሮይቲን ዘር ሁሉ በዚህ ይያዛል።

ለውጡ የራሱ ጣጣ ነበረው። አዲሱ ዩኒት ከቀድሞው 10 በመቶ ያህል የቀለለ ሆነ። ያው 5,000 ዩኒት የሚል ቫያል ከኦክቶበር በፊትና በኋላ ደም ላይ ያለው ኃይል እኩል አይደለም። በሽግግሩ ወራት አሮጌውና አዲሱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ስለሚችሉ፣ አብዛኞቹ አምራቾች በአዲሱ ቫያል ላይ ከባች ቁጥሩ አጠገብ «ኤን» የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል አተሙበት። መርፌውን የምትሞላው ነርስ፣ ምናልባትም በዚያው በልጆቹ ክፍል ውስጥ፣ መጀመሪያ የምትፈልገው ያቺን ፊደል ሆነ።